የውሻ ወንፈል

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሰብለወንጌል፣ ኩዌት

እንዴት ባጀሽ ልጄ? የአገርሽ ታቦት ኢየሱስ ከሙቀቱም ከክፉ አሠሪም ይሰውርሽ። ጤንነትሽን በሰው በሰው እሰማለሁ፤ እኔም ጉልበቴን ከሚለኝ በቀር ደህና ነኝ። ገብሱ ደርሷል፤ ስንዴውን ዋግ ነካክቶታል ግን የሚታጨድ አለ። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃኝና ወደ ንዴቴ ልግባ፣ ውስጤ ካደረ ያፍነኛል።

በመስከረም መጨረሻ የዳኛቸውን ልጅ ያበደ ውሻ ነከሳት። ዳኛቸውን ታውቂዋለሽ፣ ከእኛ አጥር በታች ያለው ግንበኛ። ባሕር ዳር ድረስ ይዟት ሄዶ፣ መርፌውን ተወግታ፣ ድናለች። ውሻውንም ጎረምሶች በዱላ ጣሉት፤ ደግ አደረጉ፣ ያበደ ውሻ ነው ሌላ ምን ይደረጋል። ዳኛቸው ከዚያ ወዲህ ውሻ፣ የገዛ ራሱንም ቢሆን፣ ባየ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል፤ በእሱ አልፈርድም።

የምፈርደው በዕድሩ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሰፈራችን ዕድር ተሰበሰበና ዳኛው አቶ ይርጋ ተነሥቶ፣ ሥጋ ተገዝቶ መርዝ ይለወስበትና በየቦዩ ይጣል፣ የሰፈሩ ውሻ ባንድ ሌሊት ይለቅ አለ። ሰው ሁሉ ይሁን ይሁን አለ። ቀባሪ ማኅበር፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ማኅበር፣ ቁጭ ብሎ ስለ መርዝ ይመክራል። ደሜ ፈላ። ተነሥቼ፣ ያበደው አንድ ነው፣ እሱም ሞቷል፣ ሌላው ምን አጠፋ ብዬ ጠየቅኩ። ከብቶቻችንን የሚከትበው የእንስሳት ሐኪም፣ አለምነው የሚባለው ልጅ፣ ለውሻም ክትባት አለ፣ መድኃኒቱን ባስመጣ በሽታው ይቆማል ብሎ አስረዳ። የሰማው የለም። ክትባት ቁጥሩን አይቀንሰውም፣ በዝቷል፣ ሲመሽ መንገድ አያስኬድም አሉ። እሱስ እውነት ነው፣ በዝቷል። ከየት እንደበዛ ግን የጠየቀ የለም።

እኔ የምሟገተው ለውሻዬ ለትርፌ ነው፣ አልዋሽሽም። አጎትሽ ከሞተ ወዲህ ደጄን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቅዳሜ ገበያ ከእህል ተራው ጀርባ ዓይኗን ሳትገልጥ ተጥላ አግኝቼ በነጠላዬ ጠቅልዬ ያመጣኋት ናት። ሴት ስለሆነች ነው የጣሏት። ታስራ አታውቅም፤ ግቢውን ስትዞር፣ በየቦዩ ወዲያ ወዲህ ስትል አድራ ንጋት ላይ ትመለሳለች። መርዙ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።

አልቀመጥ አልኩ። ይርጋ መረረውና፣ «የእህትዎ ልጅ ዓረብ አገር የውሻ ቤት አይደለም እንዴ የምትሠራው? ጌታ የሌለውን ውሻ ምን እንደሚያደርጉት ትጻፍልን። እነሱ ካልገደሉ እኛም አንገድልም» አለኝ። ውሾቹ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ፣ ቀዝቃዛ አየር ይነፍስላቸዋል ያልሽኝን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ስለነበር የማያውቅ የለም። ስብሰባው በዚህ ተስማማ። በስልክ የተባለ አይያዝም፣ ኔትወርኩም እንደምታውቂው ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ በጽሑፍ ይምጣ ተባለ። የሚጠብቁሽ ሁዳዴ እስኪገባ ነው። ጾም ከገባ ሉካንዳ ይዘጋል፣ ለመርዙ የሚሆን ሥጋ አይገኝም። ውሻ ገድሎ ለጾም መዘጋጀት፤ እንዲህ ያለ ክርስትና አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ልጄ፣ ቶሎ ጻፊና ለዚያች ለእረፍት ለምትመጣ ጓደኛሽ ስጫት። ይህን ያደረሰችልሽ ጌጤ ታማኝ ልጅ ናት፣ በእሷም ቢሆን ላኪው። አሳምረሽ ጻፊው፤ በሰው ፊት የሚነበብ ነው። ገንዘብ አልጠይቅሽም፣ ዘንድሮ የምጠይቅሽ ይህንን ብቻ ነው።

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

አክስትሽ ዘርትሁን


ኩዌት፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ዘርትሁን

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎን ለሚያምዎ የሚቀባ መድኃኒት ልኬያለሁ፤ ማታ ማታ በሞቀ ጨርቅ ጠቅለል ያድርጉት። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ በጌጤ እጅ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነውና ይቅር ይበሉኝ።

ለዕድሩ የሚነበበው ይኸው።

እዚህ አገር ውሻ የሚያሳድግ ሰው ውሻውን በየዓመቱ ያስከትባል። ሩዝ የምታህል ነገር በመርፌ ቆዳው ሥር ትገባለች፤ በመሣሪያ ሲያዩዋት የባለቤቱን ስምና ስልክ ታወጣለች፤ ስለዚህ ውሻ ቢጠፋ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ወንዱ ይኮላሻል፤ ሴቷም እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። እኛ ዘንድ የሚመጡት ጠፍተው የተገኙ፣ ባለቤት የተዋቸውና መንገድ ላይ የተወለዱ ናቸው። እናጥባቸዋለን፣ ጥፍራቸውን እንቆርጣለን፣ ሐኪም ያያቸዋል። ሰው መጥቶ መርጦ ይወስዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ ሁሉ ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ ግቢው እንደ ሰርግ ቤት ነው የሚሆነው። የሰፈራችንም ሰዎች ክትባትና ማኮላሸት ቢጀምሩ የውሻው ቁጥር ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ አለምነው ያለው ትክክል ነው ይበሉልኝ።

ለክትባቱ የምትሆን ትንሽ ገንዘብ ከመድኃኒቱ ጋር አድርጌያለሁ፤ ለአለምነው ይስጡልኝ። ለትርፌም የአንገት ማሰሪያ ልኬያለሁ። ቀይ ነው፣ ከሩቅ ይታያል፤ ጌታ እንዳላት ያውቁላታል።

የጣሪያው ቆርቆሮ ተጠገነ ወይ? የእማማን መቃብር አጥር ከብት እንዳያፈርሰው የሚጠብቅ ሰው ይፈልጉልኝ። ዘንድሮ ገብሱን ማን አጨደልዎ? ስለዚህ ሁሉ ይጻፉልኝ፣ የአገሩ ነገር ይናፍቀኛል። የሥራው ደወል ሊደወል ነው፣ ልሂድ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ ሰብለወንጌል


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሰብለወንጌል

እንዴት ሰነበትሽ? ለብርሃነ ልደቱ በጤና ያድርስሽ። ቅባቱ ጉልበቴን ፈታ አድርጎልኛል፣ ተባረኪ። ጣሪያው ተጠግኗል፤ የእናትሽም መቃብር ደህና ነው፣ እሾህ አሳጥሬበታለሁ። ገብሱን በወንፈል አሳጨድኩት፤ እኔ ለእነሱ ጠላና እንጀራ ይዤ እየሄድኩ፣ እነሱ ለእኔ ማጭዳቸውን ይዘው እየመጡ። ሙላቴ፣ የዕድሩ ጸሐፊ የሆነው ጎረቤቴ፣ ከማንም በላይ ደከመልኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልሽ ወረድ ብዬ እሱኑ ስለምሰድበው ነው።

ደብዳቤሽን ያለፈው ሳምንት እሑድ በዕድሩ ፊት ራሴ አነበብኩት። በመሠረተ ትምህርት የለየሁት ፊደል ለዚህ ቀን ይሁነኝ። ስለዚያች ሩዝ የምታህል ነገር ስትጽፊ ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ፤ ሙላቴማ መዋጮ ለሚያስቸግር የዕድር አባል ትቀበርበት ብሎ አሳቀን። ነገሩ ሊሳካ ነው ብዬ ስቀመጥ ይርጋ እጁን አወጣ። ደህና ነው፣ ቤተሰብ መጥቶ መርጦ ይወስዳል፣ ሳይመረጥ የቀረውስ የት ይገባል? የጠየቅነው ይህንን ነበር፣ ልጅቷ ዘለለችው አለ። ነገረኛ ብዬ ዝም አሰኘሁት። ቤቴ ገብቼ ደግሜ ሳነበው ግን እውነቱን ነው። ስለ ጥፍር ጽፈሻል፣ ስለ ገላ መታጠቢያ ጽፈሻል፣ ወሳጅ ስላጣው አንዲት ቃል የለችበትም። ምነው? ረስተሽው ነው ብዬ ይዣለሁ፤ በዚህኛው ደብዳቤ እንዳትረሺው።

አሁን ውሻው ከየት እንደሚበዛ ልንገርሽ፣ በዓይኔ ስላየሁት ነው።

ያለፈው ቅዳሜ የአጎትሽን ዘመዶች ለመጠየቅ ወደ እብናት ወረድኩ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጎን፣ አንድ ሌላ ጆንያ ይንጫጫል። መንገዱን ሙሉ ስሰማው ሄድኩና እብናት መነኸሪያ ስንወርድ ባለቤቱን ልይ ብዬ ቆምኩ። ሙላቴ ነው። ጆንያውን ከእጁ ነጥቄ ፈታሁት። ቡችሎች፣ ዓይናቸው ገና መገለጡ፣ ሁሉም ሴቶች። ወንድ ወንዱን አስቀርቶ ነው። ምን ልታደርጋቸው ነው ስለው ሳያፍር ነገረኝ፤ ነፍስ ማጥፋት ኃጢአት ስለሆነ አይገድላቸውም፣ ገበያው ዳር ያስቀምጣቸዋል፣ እግዜር ያለላትን ሰው ያነሣታል። ይህንን ሲለኝ አንድ የእብናት ሰውዬ የሚንጫጭ ጆንያ ተሸክሞ እኛ በወረድንበት ሚኒባስ ላይ ሊጭን ረዳቱን ይለምናል። ወዴት ነው ስለው ወደ ደብረ ታቦር አለኝ።

ልጄ፣ እዚያው መነኸሪያ መሀል ስጮህ ሰው ያበድኩ መሰለው። እኛ የእኛን ለእነሱ፣ እነሱ የእነሱን ለእኛ! ከዚያ ደግሞ ተሰብስበን ውሻ በዛብን ብለን ለመርዝ እናዋጣለን። ትርፌንም እንዲሁ አንድ ጻድቅ ነው ለእህል ተራው ጀርባ አደራ የሰጣት። በማግስቱ እሑድ ይህንን በስብሰባው ተናገርኩ። አንገቱን ያልደፋ አልነበረም፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ጆንያ ወጥቷል ማለት ነው። ቀጥለው ግን የተቆጡት በእኔ ነው፤ የሰው ጆንያ ምን ቤት ነኝ ብዬ እንደፈታሁ ጠየቁኝ።

ውሳኔው አሁንም ያንቺን ደብዳቤ ብቻ ነው የሚጠብቀው ብሎ ይርጋ በሙላቴ በኩል ልኮብኛል። ወሳጅ ያጣ ውሻ ይገደላል ወይስ አይገደልም? ይህችን መልሺልኝ፣ ሌላው ትርፍ ነው። ትርፌ ቀዩን ማሰሪያ አድርጋ ደጅ ተጋድማለች፤ ብታዪያት ሙሽራ ነው የምትመስለው።

ኢየሱስ ይጠብቅሽ።

አክስትሽ ዘርትሁን


ኩዌት፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የዕድራችን አባላት በሙሉ

በያላችሁበት የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ። ለጠየቃችሁኝ ጥያቄ መልሴ አጭር ነው። እኔ በምሠራበት ቤት ወሳጅ ያጣ ውሻ አይገደልም። እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይቀለባል። እናንተም ርኅራኄ እንድታደርጉ በትሕትና እለምናለሁ።

ሰብለወንጌል


ለአክስቴ ለእትዬ ዘርትሁን፣ ለብቻዎ የሚያነቡት

ጉልበትዎን እስማለሁ። በላይ ያለውን ወረቀት ለዕድሩ ያንብቡት። ይህኛውን አንብበው ምድጃ ውስጥ ይክተቱልኝ።

ይገደላል፣ አክስቴ። ማክሰኞ ማክሰኞ ነው።

በጋ ሲመጣ የዚህ አገር ሰው ወደ ቀዝቃዛ አገር ለእረፍት ይሄዳል። የሚሄዱ ቀን ውሻቸውን ከመኪና አውርደው የእኛ በር ላይ አስረውት፣ የምግብ ከረጢቱን አጠገቡ አስቀምጠው ነድተው ይሄዳሉ። ለልጃቸው ልደት ብለው ገዝተውት፣ ልጁ ሲሰለቸው ይመልሱታል። አንዲቱ ሴትዮ ጠጉሩ ከአዲሱ ሶፋዋ ጋር አልሄደም ብላ መልሳለች፤ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መንገድ ላይ የሚወለዱትም በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ክፍሉ የተቆጠረ ነው፤ ሲሞላ ሐኪሙ ይዞርና የቆዩትን ይለያል። የታመሙትን ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ጤነኞች ናቸው፣ ስማቸውን ሲጠሯቸው የሚመጡ፣ ተቀመጥ ሲሏቸው የሚቀመጡ። ጥፋታቸው ሳይመረጡ መቆየታቸው ነው።

የምይዛቸው እኔ ነኝ። ሌላው ሲይዛቸው ይንፈራገጣሉ፣ በእኔ እጅ ይረጋሉ፤ ስለዚህ ሐኪሙ እኔን ያስጠራል። ጭንቅላታቸውን ክንዴ ላይ አስተኝቼ ጆሯቸውን እያሻሸሁ በአማርኛ አናግራቸዋለሁ፣ ሌላ ቋንቋ ለዚህ አይመጣልኝም። መርፌው አያሳምምም። እንቅልፍ ነው የሚመስለው፣ ከዚያ ይከብዳሉ።

የሚያንገበግበኝ ግን ሞታቸው ብቻ አይደለም። እስከ ዛሬ አንድ ባለቤት እንኳን መርፌው ሲወጋ ገብቶ አያውቅም። በር ላይ ይፈርሙና ጥሩ ቤት ያገኛል አይደል ብለው ይጠይቃሉ። አዎን በሉ ተብለናል። እኔም አዎን እላለሁ። ደስ ብሏቸው ነው የሚሄዱት። አንዳንዷ ምስጋና ብላ ቸኮሌት ትሰጠኛለች። እሷ ያሳደገችውን እኔ እይዛለሁ፣ እሷ ቸኮሌት ሰጥታ ትሄዳለች። አንድ ቀን ፊቷ ላይ ብወረውርባት ብዬ እመኛለሁ፣ ግን ሥራ ነው፣ እቀበላታለሁ።

ለእርስዎ ስለ ፍራሹ የነገርኩዎት ውሸት አልነበረም። ፍራሹም አለ፣ ቀዝቃዛው አየርም አለ። ማክሰኞን ነው የዘለልኩት።

አሁን የምለምንዎ፣ አይገደልም ብለው ያንብቡላቸው። እኔ በዚህ ውሸት የሚጠየቀውን እጠየቅበታለሁ። ትርፌ ትትረፍልኝ። ከእጄ ያመለጠች አንዲት ውሻ በዓለም ላይ ትኑር።

ልጅዎ ሰብለወንጌል


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰብለወንጌል

ሰላም ላንቺ ይሁን። ረጅም ሰላምታ የለኝም። ተቆጥቻለሁ፤ ባንቺም፣ በዕድሩም፣ በራሴም።

ያንቺን አስቀድሜ ልጨርስ። ምድጃ ውስጥ ክተቺው ያልሽኝን አልከተትኩትም። ለዕድሩ የጻፍሽውን ውሸት ግን ላነበው ይዤው ሄጄ ነበር፣ አልደብቅሽም፤ ለትርፌ ስል ልዋሽ ቆርጬ ነበር። ተነሥቼ ወረቀቱን ስከፍት ዳኛቸው ፊት ለፊቴ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። የተነከሰው እግሯ ላይ ጠባሳው ይታየኛል። የዚህች ልጅ ዓይን እያየኝ ስለ ውሻ ውሸት ማንበብ አቃተኝ። መልሼ አጠፍኩትና ሁለተኛውን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ማክሰኞውንም፣ ቸኮሌቱንም። ማንን ያዋርዳል ብለሽ ነው የደበቅሽው? የሚያዋርደው በር ላይ ፈርሞ የሚሄደውን ነው።

ጨርሼ ስቀመጥ ይርጋ እንግዲያውስ ተፈረደ፣ ሥጋው ይገዛ አለ። ተነሣሁበት። «ልጄ ስትገድል ይዛ ነው። እናንተም ያዙ። በቀን፣ በአለምነው መርፌ፣ እያንዳንዳችሁ የገዛ ውሻችሁን ጭንቅላት ይዛችሁ። በጨለማ ወርውሮ መተኛት የለም» አልኳቸው። ይርጋ ሊስቅ ሲል ዳኛቸው፣ ልጁ የተነከሰችበት ሰው፣ ትክክል ነው፣ እንደሱ ይሁን አለ። ከዚያ ማን ይከራከር? ተወሰነ። ከየቤቱ አንድ ወንድ ውሻ ተከትቦና ታስሮ ይቀራል፤ ሴቶቹና ትርፎቹ ሐሙስ ከዕድሩ ቤት ፊት ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ይይዛል፤ ይህን ያፈረሰ ከዕድሩ ይሰረዛል። ትርፌም ሴት ናት። ግን አልፈራሁም። ሴት ቡችላ በጆንያ ወደ እብናት የሚልክ ሰው የራሱን ውሻ ይዞ ሊያስገድል አይችልም፣ ማንም አይመጣም፣ ነገሩ ይቀራል ብዬ ነበር። ያገሬን ሰው የማውቅ መስሎኝ።

ሐሙስ ትርፌን ይዤ ብወጣ ሜዳው ሞልቷል። ሁሉም መጥቷል፣ ሁሉም ገመድ ይዟል። እንዴት ጨካኝ ሕዝብ መሀል ነው የኖርኩት እያልኩ ቀረብ ስል ነገሩ ገባኝ። የይርጋን ውሻ የያዘው ሙላቴ ነው። የሙላቴን ዳኛቸው ይዟል። ዳኛቸው አላስቀርም ያለውን የራሱን ውሻ ደግሞ ይርጋ። አንድም ሰው የራሱን አልያዘም። ምንድን ነው ይኼ ብዬ ሙላቴን ጠየቅኩት።

«ወንፈል ገብተን ነው እትዬ። የእርስዎን እኔ ልያዝልዎ፣ እርስዎ ደግሞ ይቺን ይያዙልኝ» ብሎ የሰው ውሻ ገመድ ዘረጋልኝ።

በክፋት አይደለም። ገብሴን ያጨደልኝ ሰው ነው፣ ያው ደግነቱ ነው፣ እኔን ለማገዝ ነው። ይህ ነው ያቃጠለኝ። ለእርሻና ለአጨዳ አባቶቻችን ያቆዩትን መረዳዳት አምጥተው፣ ልብ እንዳይነካ መከለያ አደረጉት። እኔ ያንተን፣ አንተ የእኔን፤ ማንም የራሱን አልገደለም፣ ሁሉም ወንፈል ወጥቶ ገባ።

አለምነው የጀመረው ከዳኛቸው ውሻ ነው። ይርጋ ያዘው። ይዞም ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረ። ውሻው በይርጋ ክንድ ሥር አንገቱን እያሰገገ ዳኛቸውን ይፈልጋል። ዳኛቸው ደግሞ ወዲያ ማዶ የሙላቴን ውሻ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ውሻው ጌታውን ሳያገኘው ነው የከበደው።

ከዚያ በኋላ መቆም አልቻልኩም። ትርፌን አንሥቼ በነጠላዬ ጠቀለልኳት፤ ትልቅ ውሻ ናት፣ እግሯ ተንጠልጥሎ፣ አሮጊት ውሻ አዝላ ስትሄድ ያየ ሁሉ ይሳቅ። ይርጋ ጠራኝ። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ ካፈረሱት ስምዎ ይሰረዛል አለ፣ እውነቱን ነው። ዞሬ፣ «እኔ የራስህን ያዝ ነው ያልኩት። ይኸው የራሴን ይዣለሁ። ሰርዙኝ» አልኩና ወደ ቤቴ ገባሁ። የተከተለኝ የለም።

ሰረዙኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያዋጣሁበት፣ ለስንት ሰው ሬሳ ውኃ የቀዳሁበት ዕድር በአንድ ቀን ሰረዘኝ። ባለፈው ሳምንት ከወንዝ ማዶ ያሉ አሮጊት ሞተው ለቅሶ ደረስኩ፤ ሰው ሰላም ይለኛል፣ ግን የያዝኩትን እንጀራ የተቀበለኝ አልነበረም፤ ከዕድሩ እንጀራ ጋር አይቀላቀልም ተባልኩ። ይዤው ተመለስኩ።

ደግሞ ስሚ፣ ይባስ። ያ ወንፈል እስከ ቀትርም አልዘለቀም። አንዱ ገመድ ላላብኝ አለ፣ አንዱ ሚስቴ ታማለች አለ፣ እያሉ ተበተኑ። ቅዳሜ ደግሞ ወደ ገሳይ የሚሄደው ሚኒባስ ጣሪያው በጆንያ ተሞልቶ ነበር። እንዲህ ያሉ ርኅሩኆች ናቸው የሰረዙኝ። አሁን የገሳይ ሰው ይሰብሰብና ስለ መርዝ ይምከር።

ከሁሉም የሰው ልብ ያለው ዳኛቸው ነው። ከትናንት ወዲያ መጥቶ ደጄ ላይ ተቀመጠ። ትርፌ ስትቀርበው አልሸሸም። ውሻዬ ጌታዬ የት ነው እያለ ሲፈልገኝ አይቼዋለሁ አለኝ፤ እኔም አላጽናናሁትም። አለምነውም ያንቺን ገንዘብ ለክትባቱ አድርጎ ትርፌን ከትቦልኛል፤ እንዳትወልድም አደርጋታለሁ ብሏል።

አንቺን ሥራሽን ልቀቂ አልልሽም። መጀመሪያ ሳነበው ልልሽ ነበር። ሐሙስ ያየሁትን ካየሁ በኋላ ግን የምልሽ ሌላ ነው። አንቺ ከወጣሽ እነዚያን ውሾች የሚይዛቸው ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። በሩ ላይ ለሚፈርሙት ግን ከእንግዲህ አዎን እንዳትዪ። ይባርሩሽ እንደሆን ይባርሩሽ። ወሳጅ ካጣ ማክሰኞ ይሞታል፣ የራስሽ ነውና ነይ ያዥው በያት። ቸኮሌቷንም መልሺላት።

የምለምንሽ አንድ ነገር አለኝ። ለማሳዘን አይደለም የምጽፈው፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ዕድር የለኝም። ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ የለም፣ መቃብሬን በወንፈል ይቆፍሩት ይሆናል፣ እሱንም እየተጠራሩ፣ እየተያዩ። ለሬሳዬ አይደለም የምጨነቀው፤ አፈር ማንንም ይችላል። የምፈራው ከዚያ በፊት ያለችውን ሰዓት ነው፣ አልጋዬ ዙሪያ ሰው ሁሉ ቆሞ አንዱ አንዱን አንተ ያዛት፣ አንተ ያዛት ሲባባል። ስለዚህ ገንዘብ አትላኪልኝ። ለአውሮፕላኑ አስቀምጪው። ታመመች ሲሉሽ ነይ። ጭንቅላቴን ክንድሽ ላይ አድርጊው፣ ፊትሽንም አታዙሪብኝ።

አክስትሽ ዘርትሁን